ፊታውራሪ መሸሻ መቼ አፈቀሩ?

ጥያቄው ከአንድ የጎንደር መምህር የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከታወቁ ልብ ወለዶች ገጸ ባሕርያትን እየወሰዱ በቴሌግራም ቻናል የራሳቸውን ታሪክ ይጽፋሉ። ፋን ፊክሽን ነው የሚሉት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በቀደም ግን ስለ ፍቅር እስከ መቃብር ባወጣሁት ፈተና አንዲት ጎበዝ ተማሪ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ያስጨነቋት በወጣትነታቸው አንዲት የድሀ ልጅ ወድደው በዘር ምክንያት ስለተከለከሉ ነው ብላ ጻፈች። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት፤ የለም። ስጠይቃት እሷም ደነገጠች። ለካ ቻናሉ ላይ ነው ያነበበችው። ከመጽሐፉ ያገኘችው ግን መስሏት ነበር። ይህ ነገር የልጆቹን አስተያየት እያበላሸው ነው? ቻናሉን ላስዘጋው? የልጅቷንስ ነጥብ ምን ላድርገው?»

መምህር፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ነጥቡን ይቀንሱ። ፈተናው ስለ መጽሐፉ ነው፤ መጽሐፉ ያላለውን አለ ማለት ስህተት ነው። ቻናሉን ግን አያስዘጉ። ቢያስዘጉትም በማግስቱ በሌላ ስም ይከፍቱታል፤ ያኔ ደግሞ እርስዎ አያዩትም።

የልጆቹን አስተያየት ያበላሻል ወይ የሚለው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። እኔም እዚሁ ጎንደር ሥነ ጽሑፍ ነው የማስተምረው፤ ከእርስዎ ያነሰ አልገጠመኝም። አጭሩ መልሴ ይህ ነው። ፋን ፊክሽን አንባቢ ለማን እንደሚያዝን ይለውጣል። የዋናውን ታሪክ ክስተቶች ብዙም አይነካቸውም። በዛብህ ሞተ፣ የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ወንጌል መነኮሰች፤ ይህን የሚረሳ ተማሪ የለም። የሚዞረው ርኅራኄ ነው። ርኅራኄው ወዴት ዞረ የሚለው ላይ ነው የእኔም የእርስዎም ሥራ ያለው።

በመጀመሪያ ግን ልጅቷን ነጻ ላውጣት። አልዋሸችም፤ ሰነፍም አይደለችም። ሰው ያነበበውን ነገርና ያነበበበትን ቦታ አእምሮው እኩል አይዝም። ወሬው ይቀራል፣ ከየት እንደመጣ ይጠፋል። የሥነ ልቦና ሰዎች በደንብ ያጠኑት ጉዳይ ነው። አዝማሪ ቤት ገብተው ያውቁ ይሆናል። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያወርደዋል። በማግስቱ ግጥሙን የሚያወራው ሰው «አዝማሪው እንዲህ አለ» ነው የሚለው። የወረወረውን ሰው የሚያስታውስ የለም። ልጅቷም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ስሙ ያው መሸሻ ነው፣ አገሩ ያው ጎጃም ነው፣ ቤቱ ያው የፊታውራሪ ቤት ነው። አእምሮዋ ሁለቱን በምን ይለያቸው?

በዚያ ላይ ደግሞ የብዛት ነገር አለ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። አንድ ኮፒ ስንት ተማሪ ጋ እንደሚዞር እርስዎ ያውቁታል። ብዙዎቹ አንዴ ያነቡታል፤ ያውም ለፈተና ሲሉ፣ እየዘለሉ። ቻናሉ ግን በየማታው ስልካቸው ላይ ይመጣል። አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ ጓደኛቸው የጻፈው ነው፣ ከሥሩ አስተያየት ይሰጡበታል። በዓመቱ መጨረሻ ልጅቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር ያሳለፈችው ጊዜ ቢመዘን የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ ድርሻ አነስተኛው ይሆናል። መጽሐፉን ጭራሽ ሳያነብ ቻናሉን የሚያነበው ልጅ ጋ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ነው። ለእሱ መጽሐፉ ማለት ቻናሉ ነው። ከሁሉ ይልቅ የምሰጋው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

አሁን ወደ ገጸ ባሕርያቱ ልምጣ። ፋን ፊክሽን የሚገባው ደራሲው ዝም ባለበት ቦታ ነው። በጣም የምወደውን ምሳሌ ልንገርዎ፤ ተማሪዎችዎም ያውቁታል። በሃሪ ፖተር መጻሕፍት ውስጥ ብሌዝ ዛቢኒ የሚባል ተማሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ስሙ ተጠርቶ አንድ ምድብ ውስጥ ገባ ተባለ፣ አለቀ። መልኩ የለም፣ ጸባዩ የለም፣ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አልተነገረም። አድናቂዎች ይህችን ባዶ ስም አገኟት። አንዱ ቆንጆ ልጃገረድ አደረጋት፣ ሌላው ጣሊያናዊ ጎረምሳ። ታሪኮቹ በዙ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2005 ስድስተኛው መጽሐፍ ወጣ፤ ዛቢኒ ረጅም ጥቁር ወንድ ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ። ለዓመታት በሌላ መልክ ሲያውቁት የኖሩ አንባቢዎች ግር አላቸው። የማያውቁትን ሰው ያወቁ ያህል ለምደውት ነበርና።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት በቀላሉ አይነቃነቁም። ስለ በዛብህ ሐዲስ ዓለማየሁ ብዙ ነግረውናል። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው እንደሰጡት፣ እንዴት እንደተማረ፣ ሰብለን ሊያስተምር ገብቶ እንዴት በፍቅር እንደወደቀ። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በዛብህን ደፋር ጦረኛ ልታደርገው ብትሞክር ጓደኞቿ ራሳቸው «ኧረ ይሄ በዛብህ አይደለም» ይሏታል። የሚነቃነቁት ዳር የቆሙት ናቸው። የሰብለ እናት፣ አሽከሮቹ፣ ገረዶቹ፣ ስማቸው አንዴ ተጠርቶ የሚያልፉት። ፊታውራሪም ቢሆኑ ብዙ ገጽ አላቸው፤ ልጅነታቸው ግን ለአድናቂ ደራሲ ክፍት ሜዳ ነው። ልጆቹ በዚያ ገቡ።

በመርማሪው በሼርሎክ ሆምስ ታሪክም የበለጠ የተጎዳው ጓደኛው ዋትሰን ነው። በመጽሐፉ ዋትሰን ሐኪም ነው፣ ጦር ሜዳ ውሎ የቆሰለ፣ ጠንካራ ሰው። ከ1939 ጀምሮ የወጡት የሆሊውድ ፊልሞች ግን ነገር የማይገባው ሽማግሌ አደረጉት። ስንት ሰው ዋትሰንን እንደ ሞኝ ያስበዋል! ሆምስ ራሱም ቢሆን ያ ጆሮ ሸፋኝ ኮፍያው በዋናነት ከሠዓሊው ከሲድኒ ፓጄት የመጣ ነው፣ ያ ቆልማማ ፒፓው ከቲያትር መድረክ። ያቺ ሁሉም የሚያውቃት «ቀላል ነገር ነው፣ ውድ ዋትሰን» የምትለዋ አባባል በዚያ መልኳ በኮናን ዶይል ታሪኮች ውስጥ የለችም። ደራሲው ራሱ ብዙም አልተጨነቀበትም። ተዋናዩ ዊልያም ጊሌት ሆምስን በቲያትሩ ላይ ልዳረው ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ብትፈልግ ዳረው፣ ብትፈልግ ግደለው የሚል መልስ ነው የሰጠው ይባላል።

እንግዲህ አንድ ሰው የፈጠረው ነገር እንዴት የሁሉም እምነት ይሆናል? በመደጋገም ነው። አድናቂዎቹ ዋናውን ታሪክ ካነን ይሉታል። በመጽሐፉ የሌለ ሆኖ ሁሉም የተቀበለውን ደግሞ ፋነን። አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ የተከፈተው ትልቁ የፋን ፊክሽን ማከማቻ፣ ታሪኮችን ባገኙት የምስጋና ብዛት ደርድሮ ማሳየት ይችላል። አዲስ አንባቢ ሲመጣ ምን ይመርጣል? ከላይ ያለውን። እሱም ያንን ያነባል፣ ይወደዋል፣ ሲጽፍም ከዚያ ይወስዳል። በቴሌግራምም ያው ነው። ብዙ ልብ ያገኘው ይፎርዋርድ ይደረጋል። አንዷ ልጅ ጉዱ ካሳ በአንድ እግሩ ያነክሳል ብትል፣ ሌላውም እያነከሰ ይጽፈዋል፣ ሦስተኛዋ እግሩ እንዴት እንደተሰበረ ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ የማያነክስ ጉዱ ካሳ ብታመጣ ተሳስተሃል ትባላለህ።

ይህ የኢንተርኔት ነገር ብቻ እንዳይመስልዎ። ጎንደር ተቀምጠን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። አለቃ ገብረ ሐና አሉልን።

አለቃ እውነተኛ ሰው ናቸው፤ ልብ ወለድ አይደሉም። ፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወልደው፣ ጎንደር በአታ ያገለገሉ ሊቅ ነበሩ። የአቋቋም መምህር ናቸው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የምንለው፣ ካህናቱ መቋሚያ ይዘው ወዲህና ወዲያ የሚዘሙበት ሥርዓት፣ መነሻው እሳቸው ናቸው፤ ስሙ የወጣው ከልጃቸው ከተክሌ ነው። የጣና ሞገድ ደንገሉን ሲያወዛውዘው አይተው ነው ያመጡት ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት በጊዜው አዲስ ነገር ነው ብለው አልተቀበሏቸውም ይባላል፤ ልጃቸው ግን አስፋፋው። ለአንድ ሰው ዕድሜ ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

አሁን ፒያሳ ወጥተው ያገኙትን ሰው ስለ አለቃ ገብረ ሐና ይጠይቁ። ቀልድ ነው የሚነግርዎ። ሁለተኛውን ቢጠይቁ ሌላ ቀልድ። አቋቋም የሚልዎ ሰው ካገኙ ወይ የቤተ ክህነት ሰው ነው ወይ የአገር ታሪክ የሚወድ። ሰም ለበስ የሆነ፣ ሰው የሚያሳፍር፣ ቃል የሚገለብጥ ቀልድ ሁሉ ባለቤት ሲያጣ ለእሳቸው ይሰጣል። እኔ በበኩሌ አለቃ ታክሲ የተሳፈሩበት ቀልድ ሰምቻለሁ። ከምኒልክ ዘመን ሰው ጋር ታክሲ ምን አገናኘው አይባልም። ሁሉም ይስቃል።

የሆነው ምንድን ነው? ሕዝቡ አለቃን ወደዳቸው፤ ስለወደዳቸውም ጨመረላቸው። በጨመረላቸው ቁጥር እውነተኛው ሰው እየራቀ፣ የቀልዱ ሰውዬ እየቀረበ መጣ። ማንም ሊጎዳቸው አላሰበም። ግን ሊቁ በቀልደኛው ተሸፈኑ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያማ ይባስ ነው። በቀልዶቹ ውስጥ ያሉት ለመታለል ብቻ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አሸንፈው አያውቁም። እንግዲህ ስለ ወይዘሮ ማዘንጊያ ያለን ስሜት ከየት መጣ ቢባል፣ ከዚያው ከሕዝቡ ድርሰት ነው። ልጆቹ ዛሬ በስልክ የሚሠሩትን አባቶቻችን ጠላ ቤት ቁጭ ብለው ሠርተውታል።

አሁን ዋናው ነጥቤ ላይ ደረስኩ። የተማሪዎን ታሪክ የጻፈው ልጅ ለፊታውራሪ የሰጣቸው ቁስል ነው። ተከልክለው ነበር፣ ተጎድተው ነበር፣ ስለዚህ ጨከኑ። ፋን ፊክሽን ከዚህ የበለጠ የሚወደው ዘዴ የለም። ክፉውን ሰው ያነሡና ልጅነቱን ያሳዩናል። ስናየው እናዝናለን። ያዘነ አንባቢ ደግሞ ከዚያ በፊት እንዳየው ማየት አይችልም።

ይህ ዘዴ በሁለት አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። አንዱ አቅጣጫ መጽሐፉን ያሰፋዋል፣ ሌላው ያጠብበዋል።

ስለሚያሰፋው ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ1847 የታተመው የሻርሎት ብሮንቴ ጄን ኤር ውስጥ ፎቅ ላይ ተዘግቶባት የምትኖር ያበደች ሚስት አለች፤ በርታ ትባላለች። ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ቤት ታቃጥላለች። አንድም ጊዜ ራሷ ስለ ራሷ አትናገርም። የመጣችው ከጃማይካ ነው። ጂን ሪስ የምትባል በካሪቢያን ደሴት የተወለደች ደራሲ ይህቺን ሴት ወስዳ እ.ኤ.አ. በ1966 ሌላ ልብ ወለድ ጻፈችላት። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. እንደወጣ ካሰብን፣ ሁለቱ መጻሕፍት የአንድ ሰሞን ልጆች ናቸው ማለት ነው። ሪስ ለበርታ ልጅነት ሰጠቻት፣ እናት ሰጠቻት፣ ሌላ ስም ሰጠቻት። ግን እዚያ አላቆመችም። ሀብቷ በጋብቻ እንዴት በባሏ እጅ እንደገባ አሳየች። የባርነት ማብቃት ያናወጠውን የደሴት ኑሮ አሳየች። ይህን ካነበብን በኋላ ወደ ጄን ኤር ስንመለስ ከላይኛው ፎቅ የሚመጣው ሳቅ ሌላ ድምፅ ይሆንብናል። የአንዲት ሴት ዕብደት ነው ያልነው፣ የሕግና የገንዘብ ጉዳይም ሆኖ አገኘነው። ጂን ሪስ የሠራችውን ፋን ፊክሽን ነው ለማለት የሚያንገራግሩ አሉ፤ ታዋቂ ደራሲ ስለሆነች ነው መሰለኝ። የሰው ገጸ ባሕርይ ወስዶ ታሪክ መጨመር ነው ሥራው፣ ከዚያ ወዲያ ልዩነቱ የብቃት ነው።

የቻናሉ ታሪክ ግን በተቃራኒው ነው የሄደው። ሐዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪ መሸሻን የሠሯቸው እንዴት ነው? በዘራቸው የሚኮሩ፣ ለልጃቸው እኩያ ባል አጣሁ እያሉ ጠያቂ ሁሉ የሚመልሱ፣ ባላገሩን የሚያስጨንቁ፣ መጨረሻ ላይ ባላገሩ ያመፀባቸው ሰው ናቸው። ክፋታቸው የብቻቸው አይደለም። ያ ሥርዓት እንዲህ ያሉ ፊታውራሪዎችን ያፈራ ነበር። ጉዱ ካሳ የሚጮኸው ስለዚህ ነው። አንድን ሰው ሳይሆን ልማዱንና ሕጉን ነው የሚወቅሰው፤ ለዚያም ነው እብድ የሚባለው።

አሁን ፊታውራሪ በወጣትነታቸው አፍቅረው ተከለከሉ ብንል ምን ይሆናል? ጭካኔያቸው የልብ ስብራት ውጤት ይሆናል። ያቺን የድሀ ልጅ ቢያገቡ ኖሮ ደግ ሰው ይወጣቸው ነበር ማለት ነው። ታዲያ ባላገሩስ? ግብሩስ? ጉዱ ካሳ ያን ሁሉ የተናገረው ለምንድን ነው? መጽሐፉ ስለ አገር የጠየቀው ጥያቄ ወደ አንድ ሽማግሌ የድሮ ፍቅር ጠበበ። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ልጅቷ አንድ የሌለ ክስተት መጻፏ በቀይ እስክሪብቶ ይታረማል። መጽሐፉ ይጠይቅ የነበረው ጥያቄ ከእጇ መውደቁ ግን እርማት ላይ አይታይም።

በዚህ ምክንያት ቁስል ያለበትን ታሪክ ሁሉ ልጥላ ማለቴ አይደለም። ሪስም ቁስል ነው የጻፈችው። የቻናሉ ልጅ ያቺን የድሀ ልጅ ስም ቢሰጣት፣ ከተከለከሉ በኋላ እሷ ምን እንደሆነች ቢጽፍ፣ መጽሐፉ ይሰፋ ነበር። እሱ ግን ለፊታውራሪ እንድናዝን ብቻ አመጣት፣ ከዚያ ጣላት። በቻናሉ ላይ ስለ ሥራው እንዲህ ተብሎ ቢነገረው ደስ ይለኛል።

ሁሉንም በፋን ፊክሽን ላይ መጫንም ልክ አይሆንም። እኔና እርስዎ ፍቅር እስከ መቃብርን በንጹሕ ዓይን ነው ያነበብነው? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል። ብዙዎቻችን መጽሐፉን ስንገልጥ የምንሰማው የእሱን ድምፅ ነው። ጉዱ ካሳ እንዲህ ነው የሚናገረው፣ ፊታውራሪ እንዲህ ነው የሚቆጡት ብለን የወሰንነው በወጋየሁ ጉሮሮ ነው። እኔ አላማርርም፤ ከዚያ የተሻለ ድምፅ አላውቅም። ግን እሱም ጭማሪ ነው። በሃሪ ፖተር አንባቢዎች ዘንድ ድራኮ ማልፎይ የሚባለው ጉረኛና ጨካኝ ልጅ በተለይ በልጃገረዶች እጅግ ተወዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደራሲዋ ራሷ ይህ እንደሚያሳስባት ጽፋለች። ፋን ፊክሽኑ ነው ያስወደደው፣ ወይስ በፊልሙ የተጫወተው መልከ መልካም ተዋናይ? ሁለቱም ተደጋግፈው ይመስለኛል። ማን ምን ያህል አደረገ ብሎ መለየት አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጥነት ልጥቀስ። አድናቂዎች ሁለት ገጸ ባሕርያትን ያጣምሩና የእነሱን ፍቅር ብቻ ይከተላሉ። አንዴ ጥንድ የመረጠ አንባቢ መጽሐፉን እንደ ማስረጃ ፋይል ነው የሚያገላብጠው። «አየሽ፣ እዚህ ጋ ቀና ብሎ አይቷታል!» ይህ ያስቀኛል እንጂ አያሳስበኝም። ዕድሜ ሲጨምር ይቀንሳል።

አሁን የሚያነበውንና የሚጽፈውን ልለይልዎ፤ አንድ አይደሉም። ዝም ብሎ የሚያነበው ልጅ እንዳልኩት ምንጩ ይምታታበታል። የሚጽፈው ግን ሳይወድ በግድ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል። እዚህ ጎንደር ያለ ልጅ በጣም ሊጽፈው የሚችለውን ታሪክ ያስቡ። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ በመሄድ ፈንታ ወደ ጎንደር ቢመጣስ? ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ለመጻፍ ምን ማወቅ አለበት? በዛብህ ምን ተምሯል? ቅኔ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ጎንደር ለምን ይመጣል? ለአቋቋም። የት ደብር ይጠጋል? ማን ይቀበለዋል? በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የሚለምነው የትኛው ሰፈር ነው? የጎንደር ደብተራ በጎጃም ቅኔ ሲቀልድበት ምን ይመልሳል? ይህን ሁሉ የጠየቀ ልጅ በዛብህን ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ያውቀዋል። ከፈተናዬ ይልቅ እሱን ታሪክ ነው የማምነው።

እንግዲህ ስለ ክፍልዎ። የልጅቷን ወረቀት ሲመልሱ ነጥቡን ቀንሰው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፉበት፦ የት ገጽ? ይህ ቁጣ አይደለም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜም ለሁሉም ያድርጉት። ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚያምኑትን ነገር ይናገሩ፣ ከዚያ መጽሐፉ ውስጥ ቦታውን ያሳዩ። ግማሹ ከቻናሉ፣ ግማሹ ከሬዲዮ፣ ግማሹ ከእናታቸው እንደመጣ ሲያዩ ራሳቸው ይስቃሉ። ልጅቷን ደግሞ ለብቻ ይጠይቋት፦ ያ የፍቅር ታሪክ ለምን አሳመነሽ? ፊታውራሪ ለልጃቸው የሚሳሱበት አንድ ቦታ ትዝ ብሏት ይሆናል። ካለ አውጥታ ታምጣው። ይህን ካመጣች ያነሱባትን ነጥብ በክፍል ሥራ ይመልሱላት፤ እኔ ብሆን እመልሳለሁ።

የቻናሉን ጸሐፊዎች አንድ ነገር ይጠይቋቸው። ከእያንዳንዱ ክፍል ሥር የጨመሩትን በአንድ መስመር ይጻፉ። «ፊታውራሪ ያፈቀሩበት ክፍል የእኔ ፈጠራ ነው» ማለት ምን ያስቸግራል? በውጭ ያሉት አድናቂዎችም ታሪካቸው ከዋናው ሲርቅ ከላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ነውር አይደለም። በነገራችን ላይ በትልልቆቹ የውጭ ማከማቻዎች ለአዋቂ ብቻ የተባሉ ታሪኮች ሞልተዋል። ልጆቹ ከዚያ እያነበቡ ከሆነ የዕድሜ ምልክቱን ማንበብ ይልመዱ። ወላጅ መጥቶ ከመጮኹ በፊት እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል።

ደግሞ እባክዎ መጽሐፉን የሚያነቡበት ጊዜ ከቻናሉ ይቅደም። በዓመቱ መጀመሪያ ያንብቡት፣ ከዚያ የፈለጉትን ይጻፉ። ኮፒ ካነሰ በቡድን፣ ድምፅ አውጥተው፣ ተራ በተራ።

የመጀመሪያ መልመጃ ከፈለጉ ከሐዲስ ዓለማየሁ አይጀምሩ። በአለቃ ገብረ ሐና ይጀምሩ። የሚያውቁትን አንድ ቀልድ ይምረጡና ከወይዘሮ ማዘንጊያ ወገን ሆነው ይጻፉት። ያን ቀን እሳቸው ምን አሰቡ? ጎረቤት ሲስቅባቸው ምን መለሱ? አለቃ ከቤት ሲወጡ ለልጃቸው ለተክሌ ምን አሉት? ልጆቹ ማን ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ቆሞ እንደቀረ በአንድ ቀን ይገባቸዋል። ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ ብለው ይገድቧቸው። አለበለዚያ ሃምሳ ገጽ ይዘው ይመጣሉ፣ እርማቱ ደግሞ የእርስዎ ነው።